ገብስ በቡና ስኒ

መሐል ሜዳ
ኅዳር 9 ቀን 2017 ዓ.ም.

ወንድሜ ትዕዛዙ፣

ይህ ወረቀት ዲላ ሲደርስ እናንተ ጋ ቀይ ፍሬ የሚለቀምበት ጊዜ ስለሆነ መቀመጫ እንደማይኖርህ አውቃለሁ። ቢሆንም ቁጭ በል። ቆመህ አታንብበው።

እኛ ደህና ነን።

የቡና ማሽኑ ተበላሽቷል። የተነሣሁት ይህን ልጽፍልህ ነው። ውሃ ያፈሳል፤ እንፋሎቱም እንደ ድሮው አይደለም። እዚህ የሚነካካው እንጂ የሚያውቀው ሰው የለም። ስለዚህ ሥራህን ለሰው አደራ ብለህ ና። መንገዱ ሰሞኑን ደህና ነው ይላሉ። ቶሎ ብትመጣ ይሻላል።

ስልክህን ስላላነሣሁ አትቀየመኝ። ኔትወርኩ አንድ ቀን አለ፣ አንድ ቀን የለም። ባለበት ቀን ደግሞ ጉንፋን ይዞኝ ድምፄ ተዘግቷል። አንተ የሰው ድምፅ እንደ ቡና አፍህ ውስጥ ታንከባልለዋለህ። መጻፍ ይሻላል አልሁ። ወረቀት አይጎረንንም።

ቡና ቤቱን ለጥቂት ቀን ዘግቼዋለሁ። በማሽኑ ምክንያት።

ጥቁር መልበስ ጀምሬአለሁ። የቡና ጠብታ አያሳይም። ነጭ ሽርጥ ለብሶ መዋልና ማጠብ ሰልችቶኝ ነበር። ፀጉሬንም አሳጥሬዋለሁ፤ እንፋሎት አጠገብ ለሚሠራ ሰው ይመቻል። ብታየኝ ትስቃለህ። ወይም አትስቅም።

የእድሩ ድንኳን እኛ ግቢ ተተክሏል። ዕቃ ቤታቸው ጣሪያው ስለሚያፈስ ለጊዜው እናንተ ጋ ይቆይ አሉን። በኅዳር ምን ዝናብ አለ ትለኛለህ። አዎ። የለም።

ጋሽ ወዳጆ «ማሽኑ ተበላሸ በይ፤ ይምጣ በይ፤ ሌላ እንዳትጨምሪ» ብለውኝ ነበር። «አንቺ ወረቀት ካገኘሽ አታቆሚም» አሉኝ። እውነታቸውን ነው። የእድሩ ዳኛ ሆነው ስንት ዓመት ሲኖሩ እንዲህ ያለ ደብዳቤ ስንት ጊዜ አጽፈዋል። ሁሉም አጭር ነበር ይላሉ። እኔ ግን እማዬ ጊዜ የሆነውን አልረሳሁም። አንድ ሰው ሳያስብ ደውሎ «ነፍስ ይማር» ሲልህ አንተ አውቶቡስ ውስጥ ቆመህ፣ ብረቱን ይዘህ፣ በማታውቃቸው ሰዎች መካከል ሰማኸው። እስከ ሐዋሳ ድረስ መቀመጫ የለቀቀልህ አልነበረም። ይህን የነገርኸኝ አንድ ጊዜ ነው። እኔ ግን ሁልጊዜ እሰማዋለሁ። ሁለተኛ እንዲህ አይሆንም ብያለሁ።

ስለዚህ እጽፋለሁ። ስለ ቡና እጽፋለሁ። ስለ ቡና መጻፍ የከለከለኝ የለም።

የላክኸው ደርሶኛል፤ ሦስቱም ከረጢት። በያንዳንዱ ላይ የመጣበትን ቦታ ጽፈህበታል፤ ጉጂ፣ ሊሙ፣ ይርጋጨፌ። «እትዬ፣ እንዳትደባልቂያቸው፤ ለአንድ ስኒ አንድ ቦታ» ብለሃል። እኔ ቡና ቡና ነው ብዬ ያደግሁ ሰው ነኝ። ከሦስቱ የቱን ልክፈት ብዬ ብደውልልህ «ማን እንደሚጠጣው አስቢና ምረጪ» አልኸኝ። ያኔ ቀልድ መሰለኝ።

ምንይሉን ታውቀዋለህ፤ የሚኒባሱ ሹፌር። ደብረ ብርሃን ደርሶ ሲመለስ እኔ ጋ ሳይጠጣ ቤቱ አይገባም። ክርኑን ባንኮኒው ላይ ጥሎ፣

«ዛሬ የየት ነው?» አለኝ።

«የጉጂ።»

«የትናንቱስ?»

«የሊሙ።»

«እንግዲህ ቡናም ዘሩን መጠየቅ ጀመረ በይኛ! እኛ በየኬላው መጠየቃችን አንሶ። መታወቂያ አለው?»

«አለው። ከረጢቱ ላይ ተጽፏል።»

«እኔ ቅልቅሉን ነው የምፈልገው፣ እቴ። ዘሩ ይቅርብኝና የሚያነቃኝን ስጪኝ።»

ከዚያ ቀመሰና ፊቱን አጨማደደ። «ሎሚ ጨመርሽበት?»

ሎሚ አልጨመርሁም። ያን ሰሞን የቀዳሁት ሁሉ ይኮመጥጥ ነበር። አንተ በስልክ አበባ ይሸታል ያልኸኝ ቡና እኔ እጅ ላይ ሆምጣጤ ሆነ። ጥፋቱ የኔ መስሎኝ ነበር። አንተ ነህ የነገርኸኝ። «እትዬ፣ አንቺ ያለሽበት ከፍታ ላይ ውሃ ሳይሞቅ ይፈላል። ሲንተከተክ አይተሽ የሞቀ ይመስልሻል፤ እኛ ጋ ካለው ግን ይቀዘቅዛል። ማሽኑም በዚያው ልክ ይሰንፋል። እንግዲህ ስኒውን አስቀድመሽ አሙቂ። ቡናው የሚጠቀጠቅበት እጀታም እማሽኑ ላይ እንደተሰካ ይሙቅ። ቡናውን አድቅቀሽ ፍጪ፤ ቀስ ብሎ፣ እንደ ማር እየተለጠጠ ይውረድ። እኔም ያንቺን ጠቆር አድርጌ እቆላልሻለሁ።»

እንዳልኸኝ አደረግሁ፤ ተስተካከለ። ምንይሉ እንኳ «አሁን ሰው ሆነ» አለ።

ሳይሞቅ ይፈላል። ይቺ ቃልህ አእምሮዬ ውስጥ ቀርታለች። ሰሞኑን ሰዎች ከዘመሮም ከቀየትም ይመጣሉ። ሲመጡ እነሣለሁ፤ ከነሱ ጋር እጮኻለሁ፤ ሲቀመጡ እቀመጣለሁ። ውስጤ ግን ገና አልሞቀም። የሚሞቅበትን ቀን እፈራዋለሁ።

ስለ ቡና ነው የምጽፈው።

አባዬ ቡና አይጠጡም። አባታቸውም አልጠጡም። ቡና የክርስቲያን መጠጥ አይደለም ይባል የነበረበትን ዘመን ጨብጠው የቀሩ የመንዝ ሽማግሎች ጥቂት ናቸው፤ እሳቸው አንዱ ናቸው። ናቸው እላለሁ። እጄ እንዲህ ይጽፋል፤ እኔም አልከለክለውም።

ዲቁናውን ትተህ ወደ ቡና ቅምሻ ስትሄድ ያሉህን አልረሳኸውም። «እኔ ምላስህን ለቅዳሴ አሠለጠንሁት፤ አንተ ለቡና አከራየኸው።» ከዚያ ወዲህ ሰው ስለ አንተ ሲጠይቃቸው «ደቡብ ነው ያለው» ይላሉ። ምን ይሠራል ካሏቸው ስለ ዝናብ ያወራሉ። አንተም ስትደውል ስለ ገብሱና ስለ በጎቹ ትጠይቃቸዋለህ። አንድ ቀን እንኳ በሁለታችሁ መካከል ቡና የሚል ቃል ሲወጣ አልሰማሁም። እኔ ስልኩን በእጄ ይዤ፣ ድምፁን ከፍ አድርጌ፣ የምትሉትን ሳይሆን የማትሉትን ስሰማ ኖርሁ።

ከመስቀል በኋላ ትንሽ አመማቸው። አልነገርሁህም። «አትንገሪው፤ ሥራ ላይ ነው» አሉኝ። ሥራ አሉ። በእሳቸው አፍ፣ ስለ አንተ፣ ያን ቃል ስሰማ የመጀመሪያዬ ነበር። ብነግርህ ቃሉን እሰብራለሁ ብዬ ዝም አልሁ።

የጤና ጣቢያዋ ነርስ ልባቸው ነው አለችን። ጨው ይቀንሱ፣ ኃይለኛ ነገር አይጠጡ አለች። አባዬ ሳቁ። «ኃይለኛ ነገር ጠጥቼ አላውቅም» አሏት። ጠላውን ረስተውት ነው።

ከዚያ አንድ ቀን ጠዋት መደቡ ላይ ተቀምጠው፣ ምንም ወሬ ሳይቀድመው፣

«ያ ልጅ የሚልከውን ነገር እስቲ አምጪልኝ» አሉኝ።

«ቡናውን?»

«ሌላ ምን ይልካል?»

ደነገጥሁ። የነርሷ ቃል ትዝ አለኝ። እምቢ ማለትም አልቻልሁም። አንተን በዚያ አኳኋን ሲጠሩህ ሰምቼ እንዴት እምቢ እላለሁ? ስለዚህ ገብስ ቆላሁ። አጥቁሬ ቆላሁት፤ ፈጨሁት፤ እማሽኑ ላይ እንደ ቡና ጠቅጥቄ ቀዳሁት። አረፋ አልነበረውም። ቀለሙ ግን ቡና ነው። በቡና ስኒ አድርጌ ቤት ድረስ ወሰድሁላቸው። ቡና በአፋቸው ዞሮ የማያውቅ ሰው ናቸው፤ በምን ይለዩታል ብዬ።

አንድ ጊዜ ፉት አሉ። አልዋጡትም፤ አፋቸው ውስጥ አቆዩት። አንተ ስትቀምስ ዐይንህን ወደ አንድ ጥግ ልከህ ትረሳው የለ? እሳቸውም ላኩት። አሁን ሳስበው ያን ጊዜ ነው መደንገጥ የነበረብኝ።

«ጥሩሸዋ» አሉኝ።

«አቤት አባዬ።»

«ይሄ የላይኛው ማሳ ገብስ ነው።»

ዐይኔን ወደ ስኒው ጣልሁ።

«ያውም ውርጭ የመታው። የታችኛው እንዲህ አይመርም» አሉ። «የልጄን አምጪ አልሁሽ እንጂ የራሴን መልሽልኝ አልሁሽ?»

ሳቄ አመለጠኝ። እሳቸውም ሊቆጡ ጀምረው ተዉት። ሳልፈራ ተናገርሁ። «ትዕዛዙም እንዲህ ነው የሚያደርገው፣ አባዬ። አንድ ጊዜ ቀምሶ ከየትኛው አገር፣ ከየትኛው ጋራ እንደመጣ ይናገራል።»

«እንዲህ አድርጎ?»

«እንዲህ አድርጎ።»

«በዚህ ነው እንጀራ የሚበላው?»

«በዚህ ነው።»

ስኒውን አዙረው አዙረው አዩት።

«እኔ በነጻ ስሠራው ኖሬ!» አሉ።

ይህን በስልክ ልነግርህ ነበር። ትክክለኛውን ቡና ከጠጡ በኋላ ሁሉንም አንድ ላይ ልነግርህ አስቤ አቆየሁት።

ከዚያ ሦስቱን ከረጢት ከፍቼ አሸተትሁ። የሊሙው ልዝብ ነው፤ ለሽማግሌ ሆድ ይስማማል። የጉጂው እንጆሪ እንጆሪ ይላል። የይርጋጨፌው ሦስተኛው ነበር። ማን እንደሚጠጣው አስቢ ብለኸኝ የለ? አሰብሁ። በጣዕም አልመረጥሁም፤ እንዳታዝንብኝ። አንተ ላለህበት ቅርብ የሆነውን፣ አንተን የሚመታህ ዝናብ የመታውን መረጥሁ። አንድ ቦታ ለአንድ ስኒ ያልኸኝ ገባኝ። ሰው ወዳልሄደበት አገር በዚያ መሄድ ይችላል።

ስኒውን አሞቅሁ። ቀስ ብሎ ወረደ። ከቡና ቤቱ እስከ ቤት ሩቅ አይደለም፤ ግን የመሐል ሜዳን ነፋስ ታውቀዋለህ። በፎጣ ጠቅልዬ፣ ደረቴ ላይ አስጠግቼ ሮጥሁ። ሰዎች ጫጩት የያዝሁ መስሏቸው ዞረው አዩኝ።

አባዬ አማተቡና ጠጡ።

«ይኮመጥጣል።»

«ጥሩው እንዲህ ነው፣ አባዬ።»

«መጥፎ ነው አላልሁም።» ደገሙት። «ዝናብ የሚበዛበት አገር ነው።»

«ነው።»

«ይበርደዋል?»

«አይ፣ ከኛ ይሻላል። ሞቃት ነው።»

«ደህና» አሉ። «እንግዲያ ደህና።»

ግማሹን ጠጥተው ስኒውን ወደ ጎን አደረጉት። «ይሄን ለነገ» አሉ። ለነገ አይሆንም፤ ይበላሻል አልኋቸው። «እንግዲያ ነገ ሌላ ትቀጂልኛለሽ» አሉኝ። ወዲያው ደግሞ፣ ወደ ግድግዳው ዞረው ሲተኙ፣ «ምላሱን ይባርክለት» ሲሉ ሰማሁ። ለእኔ አልነበረም የተናገሩት።

በማግሥቱ መብራት አልነበረም። ማሽኑ ፊት ቆሜ ጠበቅሁ። ከሰል አያይዤ በጀበና ላፍላላቸው አልሁ፤ ከዚያ ተውሁት። የጀመሩትን እንዲጨርሱ ፈለግሁ፤ ያንኑ፣ እንደ ትናንቱ። ረፋዱ ላይ መብራቱ መጣ። ማሽኑ እስኪሞቅ ደግሞ ጠበቅሁ። ቸኩዬ ብቀዳው ይኮመጥጣል ብዬ። አንተ እንደምትለው እጀታውን ሰክቼ፣ ስኒውን አሙቄ፣ እጄን ደረቱ ላይ አድርጌ ቆምሁ። የማሽኑን ደረት ማለቴ ነው።

በደንብ ወረደ። አረፋው የደረሰ ገብስ ይመስል ነበር። እንደዚያ ያለ ቀድቼ አላውቅም። በፎጣ ጠቅልዬ ወሰድሁት።

አባዬ ተኝተው ነበር።

ቀስ ብዬ ጠራኋቸው። ከዚያ መጥራቴን ተውሁ።

አጠገባቸው ተቀመጥሁ። ስኒው እጄ ላይ ቀዘቀዘ። ቡና እውነተኛ ጣዕሙ የሚወጣው ሲቀዘቅዝ ነው፤ ሙቀት ብዙ ነገር ይሸፍናል ብለኸኝ ነበር። ጠጣሁት። ልክ ነህ። መጀመሪያው ማር ማር ይላል። መጨረሻው ላይ ግን፣ ትንሽ፣ ገብስ አለበት። መፍጫው ውስጥ የቀረ ይሁን ወይም የእኔ ምላስ አላውቅም።

ከዚያ ሰው ጠራሁ።

ተኝተው ነበር ብያለሁ። ከዚህ በላይ እንድጽፍ አልተፈቀደልኝም።

ገብሱን ጎረቤት በደቦ አጨደልን። የላይኛውንም የታችኛውንም። አልደባለቁትም፤ ለየብቻው ከምሩልኝ ብያቸው ነው። ለምን አሉኝ። እንዲሁ አልሁ።

አንድ ነገር ልጠይቅህ። ለአንድ ደንበኛዬ ነው። ልቡን የሚያመው ሰው ግማሽ ስኒ ቢጠጣ ይጎዳዋል? ግማሽ ነው፤ እሱም አጭር ነው፤ ቀጭን አይደለም ግን። ነርሷን ልጠይቃት ሄጄ ከበሩ ተመለስሁ። አንተ ብዙ አንብበሃል፣ ብዙ ሰው ሲጠጣ አይተሃል። በስልክ አትመልስልኝ። ስትመጣ ፊቴን አይተህ ንገረኝ። ወይም ምንም አትበል፤ ማሽኑ ፊት ቆመህ ለራሴ አንድ ስኒ ቅዳልኝ። እኔ የሚገባኝን እረዳለሁ።

ማሽኑ ደህና ነው፣ ትዕዛዙ። የሚያፈስ ውሃ የለም። ገብሱን በቡና ስኒ ያወቁት ሰውዬ ልጅ ነህ፤ ይህን ደብዳቤም ገና ከመጀመሪያው መስመር ለይተኸዋል። ጋሽ ወዳጆን ግን አትውቀሳቸው። የታዘዙትን ወግ ነው የሚፈጽሙት።

ወረቀቱን ማታ ይሰጡሃል። ለበግ ንግድ መጣን ይሉሃል። መንዝ በግ ጠፍቶ ዲላ ሊገዙ! አትሳቅባቸው። ከንስሐ አባታችን ከአባ ተክለጻድቅ ጋር ከአንተ ቤት ሳይሆን ማረፊያ ይዘው ያድራሉ። ጠዋት፣ ፀሐይ ሳትወጣ፣ በርህን ይመታሉ። ድንኳኑ ውስጥ ተቀምጠው ሲለማመዱ ሰምቻቸዋለሁ።

«ከየት ልጀምርለት?» ይላሉ ጋሽ ወዳጆ። «ከሕመሙ?»

«ከእግዚአብሔር ጀምር» ይሏቸዋል አባ ተክለጻድቅ።

«ከእግዚአብሔርማ ከጀመርሁ ወዲያው ያውቃል!»

ጉልበታቸውን እያመማቸው ነው ያን ሁሉ አገር አቋርጠው የሚመጡት። ስለዚህ እንዳላወቀ ሁንላቸው። በሩን ክፈት። «ምነው፣ በደህና?» በል። ቡና አታቅርብላቸው፤ ሳይናገሩ አይጠጡልህም። አስቀምጣቸው፣ አንተም ተቀመጥ። ከፈለጉበት ይጀምሩ። ቢንተባተቡም አትርዳቸው። ያን ጊዜ፣ ሲነግሩህ፣ እንደ አዲስ ስማው። ትከሻህን ሲይዙህ እንዲይዙህ ተዋቸው።

እኔን ማንም አልነገረኝም። ስኒ ይዤ ገብቼ ራሴ ነው ያወቅሁት። አንተን ሰው ይንገርህ።

ከነሱ ጋር አብረህ ተመለስ። ከይርጋጨፌው የተረፈ አለ፤ ከረጢቱን አስሬ ከብርድ ራቅ አድርጌ አስቀምጬዋለሁ። ማን እንደሚጠጣው አስቤበታለሁ።

መንገዱን ያቅናልህ። በደህና ያግባህ። ምላስህን ይባርክልህ። ይህ የመጨረሻው ምርቃት የኔ አይደለም፤ እንዳደርስልህ የተተወልኝ ነው።

እትዬ የምትለኝ፣
ጥሩሸዋ ኃይለመስቀል